የሰው ቋጠሮ

ወንድሜ መጀመሪያ ቡሬ ላይ ስድስት በር ሠራ። ቤት አላልሁም፤ በር ነው ያልሁ። ከበሩ ኋላ ያለው፣ አልጋ እንኳ በወግ የማያስዘረጋ፣ መስኮት የሌለው፣ ዙሪያውን ቆርቆሮ የሆነ ክፍል ነው። በሮቹን አረንጓዴ ቀብቶ በነጭ ቀለም ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ጻፈባቸውና «የዕቃ ስቶር ይከራያል» የሚል ሰሌዳ ሰቀለ። እኔ ሳቅሁበት። ሰው ለራሱ ማደሪያ ባጣበት ከተማ ለዕቃው ቤት የሚከራይ ሞኝ ከየት ታመጣለህ አልሁት። ወር ሳይሞላ ስድስቱም በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አየሁና ዝም አልሁ። ዝም ማለት ደግሞ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን የእሱ ብቻ አይደለም። ፍኖተ ሰላም ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ ረድፍ አለ፤ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሁለት ረድፍ አለ፤ አምና ጤፍ የተዘራበት መሬት ላይ ዘንድሮ በር በቅሏል። ጅጋ ሳይቀር አንዱ ጀምሯል ይባላል። ተከራዩን ስታዩ ከተማው እንዴት እንዳደገ ይገባችኋል። ዝውውር የደረሰው መምህር አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ቆልፎ ይሄዳል። ዐረብ አገር ያለች ልጅ ገና ላልተሠራ ቤቷ ሶፋ አስገዝታ ታስቀምጣለች፤ ሶፋው ከነላስቲኩ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት በከረመበት ጊዜ ንብረቱን ይዞ ከገጠር የገባውም ሰው ብዙ ነው። የእኛ ዕድር እንኳ ተከራይቷል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ትልልቁ ድስት በየአባሉ ቤት ሲዞር ኖሮ አንድ ጊዜ ሦስት ጭልፋ ጠፋና ሽማግሌ እስከ መቀመጥ ደረስን። ከዚያ ወዲህ የዕድሩ ዕቃ ከመናኸሪያው ጀርባ ቁጥር አራት ውስጥ ነው፤ የጭልፋ ነገር ተነሥቶ አያውቅም።

ይህ ሁሉ በር ከመምጣቱ በፊት ግን የፍኖተ ሰላም ስቶር የእናቴ ጓዳ ነበር። ጓዳው አሁን የለም፤ ፈርሶ አምስት በር ሆኗል።

ቤታችን ከገበያው መውጫ ላይ ነው። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁን ዛሬ የያዝሁት እኔ ነኝ። እናቴ ደግሞ ከሱቁ ጀርባ ባለው ጓዳ የሰው ዕቃ ትጠብቅ ነበር። ክፍያ የለውም፤ ማን እንዳስጀመራትም አላውቅም። የገበያ ቀን ሳይሸጥ የተረፈውን በርበሬ ተሸክሞ አቀበቱን ከሚወጣ፣ ገበሬው እስከሚቀጥለው ገበያ ከእሷ ዘንድ ይተወዋል። ሌላው ዘመድ ሊጠይቅ ቡሬ ሲወርድ ጃንጥላውን ያስቀምጣል፤ አንዷ ለልጇ የገዛችውን ማሰሮ። እኛ ሙስሊም ነን፣ ገበሬዎቹ አብዛኞቹ ክርስቲያን ናቸው። እኛ አማና እንላለን፣ እነሱ አደራ ይላሉ፤ ዕቃው ግን አንድ ቆጥ ላይ ነው የሚያድር።

ሕግ ነበረው። ዕቃ ሲሰጥ ሦስተኛ ሰው መስማት አለበት፤ ያ ሰው «ጆሮ» ይባላል። ሰጭው «አደራ» ይላል፤ እናቴ «ተቀብያለሁ» ትላለች፤ ጆሮው «ሰምቻለሁ» ይላል፤ አለቀ። ወረቀት የለም፤ ስም አይጻፍም። ምልክቱ ቋጠሮው ነው። ጆንያው ያው ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ማሰሪያውም ያው የጆንያ ክር ነው፤ አስተሳሰሩ ግን የየሰው ነው። አንዱ ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ ጫፉን ወደ ውስጥ ይሸሽጋል፤ ሌላው ሲያስር ወደ ግራ ነው የሚያዞር፤ አንዷ ደግሞ ሦስት ትንንሽ ጎን ለጎን ትቋጥራለች። እናቴ በጨለማ ጓዳ ውስጥ ቋጠሮውን በጣቷ ዳብሳ «ይሄ የዚያ የአንካሳው ነው» ትላለች፤ አትስትም።

ከሁሉም የበለጠው ሕግ ግን የሰው ቋጠሮ አይፈታም የሚለው ነው። ቤት ቢቃጠል ተሸክመህ ትወጣለህ እንጅ አትፈታም። ውስጡ ምን እንዳለ አይጠየቅም፤ ባለቤቱ ልንገርሽ ቢል እንኳ እናቴ አትሰማም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ትለን ነበር፣ ማታ ማታ እኛ ልጆቹ ወደ ጆንያዎቹ ስንጠጋ።

ስቶሮቹ ሲመጡ ትቀየማለች ብየ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ደስ አላት። «እሰይ፣ ወገቤ ሊያርፍ ነው» አለች። አላረፈም። ወንድሜ ፍኖተ ሰላምም ላይ በሮች በሠራ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ በርበሬውን ስቶር አስገብቶ ቆለፈና ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መጣ።

«እትየ፣ ይችን ቁልፍ ከእርስዎ ዘንድ ትቀመጥልኝ» አላት። «የእኔ ኪስ አይታመንም። ወንዝ ስሻገር ትወድቅብኛለች።»

ቁልፏን በእራፊ ጨርቅ ጠቅልሎ አስሯታል፤ በራሱ ቋጠሮ። እናቴ ተቀበለች። ጆሮዋ እኔ ነበርሁ። በሚቀጥለው ገበያ ሦስት ቁልፍ መጣ። ዓመት ሳይሞላ በግድግዳው ላይ በምስማር የተንጠለጠለው እራፊ ብዛቱ ለጉድ ሆነ። ወንድሜ አንድ ቀን መጥቶ ቆሞ አየውና ተናደደ።

«እማ፣ ሰውየው ቁልፉን ለአንች የሚሰጥ ከሆነ ለምን ከእኔ ተከራየ?»

«ከአንተ የተከራየ በሩን ነው» አለችው፤ ምስሯን መልቀሟን እንኳ አላቆመችም።

እንዲህ ናት። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የእኔ ነገር የሚመጣው። ሰው ሁሉ ቁልፉን አምኖ የሚሰጣት ሴት፣ እሷ ራሷን ግን አታምንም ነበር። አንድ አደራ ጠፍቶብኛል ብላ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትቃጠል ኖራለች። ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ይህን አውቅ የነበርሁም እኔ ብቻ ነኝ።

ከጅጋ በላይ ካለው ገጠር የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች። ቀጭን፣ ሳቋ ከሱቁ እስከ አስፋልቱ የሚሰማ። የጅጋዋ ሴት እንላት ነበር። አንድ የገበያ ቀን ለሸማኔ ልትሰጥ ያመጣችውን ዕቃ፣ ሸማኔው ለቅሶ ሄዶ ስላጣችው፣ ከእናቴ ዘንድ አስቀመጠች። ሦስት ትንንሽ ቋጠሮ ጎን ለጎን የምታስረው እሷ ናት። እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ጓዳ ውስጥ ጆንያዎቹን ተደግፌ ማጥናት እወድ ነበርና የእሷን ስደገፍ ለስላሳ ሆነብኝ። በርበሬ አይደለም፤ በቆሎ አይደለም፤ ሲጫኑት ገባ ይላል። አንድ ቀን ሙሉ ታገሥሁ። የእኔ ትዕግሥት ከዚያ አያልፍም።

ፈታሁት። አየሁት። ምን እንደነበረ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ ብቻ ለእኔ ለዘጠነኛ ክፍሏ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረም። መልሸ ላስር ስል ሦስቱን ቋጠሮ እንዴት እንደምታስራቸው ጠፋኝ። ሞከርሁ፣ አቃተኝ። በመጨረሻ የትምህርት ቤት ጫማየን እንደማስረው አድርጌ አጥብቄ አሰርሁትና ቆጡ ላይ ወደ ኋላ ገፋሁት። ማን ያየዋል አልሁ።

በሁለተኛው ገበያ ሴትዮዋ መጣች። እኔ ትምህርት ቤት ነበርሁ። እናቴ ሦስቱን ቋጠሮ ፈለገች፣ የለም። ቆጡን ሁሉ አወረደች፣ የለም። አንድ ጆንያ የማታውቀው ቋጠሮ ያለበት አገኘችና «ይሄ ይሆን?» አለቻት። የጅጋዋ ሴት ቀረብ ብላ አየችው። «የእኔ አይደለም እትየ፤ ቋጠሮው የእኔ አይደለም» አለች። ፈተሽ አድርጊው አላለቻትም እናቴ። ልፍታና ልይ አላለችም ሴትዮዋ። የሰው ቋጠሮ ነዋ። ሁለቱም ሐቀኞች ስለሆኑ ዕቃው መሀላቸው ተቀምጦ ሳለ ጠፋ።

ማታ ከትምህርት ቤት ስገባ እናቴ ጓዳው በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «አደራ በላሁ» አለችኝ። በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም፤ እሷ ደግሞ ራሷን ሰደበችበት። ምን ልትሰጣት እንደሞከረች ነገረችኝ፦ ጨርቅ፣ ማር፣ የራሷን ኩታ። ሴትዮዋ ምንም አልቀበልም ብላ «እርስዎ ጠፋ ካሉ ጠፋ ነው፤ አይዘኑ» ብላት ሄደች። ወዲያው ገባኝ። አፌን ከፈትሁ፤ ግን የወጣው «ራቴ የታል» ነው። ፈራሁ። ዱላ ፈርቸ እንዳይመስላችሁ፤ እናቴ መትታኝ አታውቅም። ዓይኗን ነው የፈራሁ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ላይ ዞረች። እሷ ሳትኖር አንዳንዴ እሱም ዕቃ ይቀበል ነበርና «ለሌላ ሰው ሰጥተኸው ይሆናል፤ ያንንም ባለቤት የሌለውን ጆንያ የተቀበልኸው አንተ ነህ፤ አስታውስ» እያለች ትነዘንዘው ጀመር። እሱ ጭንቅላቱን ይዞ ያስባል። ታሞ በተኛ ጊዜ እንኳ አንድ ቀን ከመሬት ተነሥቶ «ለማን እንደሰጠሁት አልመጣልሽ አለኝ እኮ» አላት። እኔ ውሃ ይዠ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ ያልተናገርሁ መቼ ልናገር ነው? አባቴ ጥፋቱ የእሱ መስሎት ሞተ።

የጅጋዋ ሴት ዳግመኛ አልመጣችም። እናቴ በየገበያው ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣ ሰው ባየች ቁጥር «ደህና ናት? ሰላም በሉልኝ» ትላለች። ሰላምታ ይደርሳል፣ ሰላምታ ይመለሳል፤ ሴትዮዋ ግን አትመጣም።

አምና እናቴ የሐጅ ተራዋ ደረሰ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ያለበትን አደራ ሁሉ መልሶ፣ የበደለውን ሁሉ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብሎ፣ እጁን አራግፎ ነው የሚሄድ። ወንድሜም ይህን ይጠብቅ ነበር፤ ጓዳው ባዶ ሲሆን አፍርሶ አምስት በር ሊያወጣበት። እናቴ እሽ አለችው። አንድ ወር ሙሉ አደራ ስትመልስ ከረመች። ባለበርበሬው ወሰደ፣ ባለጃንጥላው ወሰደ፣ ባለቁልፎቹ እያጉረመረሙ ቁልፋቸውን ወሰዱ። «እንግዲህ የት ልናስቀምጣት ነው እትየ?» ይሏታል፤ ስቶር ተከራይተው ሳለ። አንዱማ ለቁልፏ ሌላ ስቶር ልከራይላት ነው ወይ አለ።

በመጨረሻ ቆጡ ላይ አንድ ጆንያ ቀረ። የእኔ የጫማ ቋጠሮ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ከቀትር በኋላ። ወንድሜ አናጢዎቹን ለቅዳሜ ቀጥሯል። ገብቸ ሳያት እናቴ ጆንያውን ፊቷ አስቀምጣ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ መቁጠሪያዋን ይዛለች፣ ግን አትቆጥርም።

«ይሄ ባለቤት የለውም» አለችኝ። «ባለቤት ያላት ደግሞ ዕቃዋ የለም። እንዴት አድርጌ ነው የምሄድ? ለወንድምሽ ንገሪው፤ ተራየን ለሌላ ሰው ይስጡት። እኔ አልሄድም።»

ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ለዚህ ጉዞ አባቴ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ነው ስታስብ የኖረች። ጉልበቷ ዘንድሮ እንጅ ለከርሞ አይሆንም፤ ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። አጠገቧ ቁጭ አልሁ።

«እማ፣ ሁለቱ አንድ ናቸው» አልሁ።

«ምኑ?»

«የጠፋውና የተረፈው። አንድ ዕቃ ነው። ያኔ ፈትቸ መልሸ ያሰርሁት እኔ ነኝ። የእሷን ቋጠሮ ማሰር አቃተኝ።»

ጆንያውን አየች፣ እኔን አየች። የምታምነኝ ስላልመሰለኝ «ውስጡ እኮ እማ፣ ውስጡ...» ስል ተወርውራ አፌን በመዳፏ ያዘች።

«ዋ! ውስጡን እንዳትነግሪኝ።»

አሥራ ሰባት ዓመት ተቃጥላበት፣ ሐጅዋን ልትቀርበት፣ አሁንም ውስጡን መስማት አትፈልግም። የሰው ነዋ። ልስቅ ነው ላለቅስ ነው ሳልለይ ቀረሁ። እጇን ካፌ ላይ ስታነሣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«አባትሽ ያውቅ ነበር?»

«አያውቅም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ለራሷ አልነበረም፤ ለእሱ ነው፣ ለዚያ ሁሉ ንዝንዝ። አልረገመችኝም፣ አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህብኝ በቀለለኝ። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና «ነገ እንሄዳለን። ተሸካሚዋ አንች ነሽ» አለች።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዘን ጅጋ ወረድን። ረዳቱ ጆንያውን ጣሪያ ላይ ሊወረውር ሲል እናቴ እጁን ያዘችና ጆንያውን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ከጅጋ በኋላ በእግር ነው። ግንቦት ሊገባ ስለሆነ መሬቱ ታርሷል፤ ጓሉ እግር ይሰብራል። እናቴ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ያች ጉልበቴን የምትል ሴት የት እንደሄደች እንጃ። ከትናንት ጀምራ «ልጀ» ብላ አልጠራችኝም። «ነይ» ትላለች፣ «በዚህ በኩል» ትላለች፤ ሌላ የለም። እኔ ጆንያውን ከትከሻ ትከሻ እያቀያየርሁ እከተላለሁ። ሳጠፋ የቀለለኝ ነገር ሲመለስ ከበደኝ።

የጅጋዋ ሴት ደጅዋ ላይ ተቀምጣ የዘር በቆሎ ትፈለፍላለች። አርጅታለች፤ ቅጥነቷ ያው ነው። እናቴን ስታይ በቆሎውን ጥላ ተነሣች።

«እትየ! ምን እግር ጣለዎት?»

ተቃቀፉ። ለረጅም ጊዜ አልተላቀቁም። ከዚያ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችን፤ እርጎ በኩባያ አቀረበችልን። እናቴ ሳትቀምስ ጀመረች። ሐጅ ልትሄድ እንደሆነ ነገረቻትና «ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁ» አለቻት።

«ለምኑ?» አለች ሴትዮዋ። «እርስዎ መቼ በደሉኝ? የቀረሁትም በክፋት አይደለም። ፊቴን ባዩ ቁጥር እንዳይሸማቀቁ ብየ ገበያየን ወደ ጅጋ አዞርሁ እንጅ።»

እናቴን አየኋት። አሥራ ሰባት ዓመት ተቀይማኛለች ብላ ነው የኖረች፤ ሴትዮዋ ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት ላለማሳፈር ብላ ነው የራቀች። እኔ በሁለቱ መሀል ጆንያ ታቅፌ ተቀምጫለሁ። እናቴ አላገዘችኝም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስለዚህ ተናገርሁ። ከመደገፌ ጀምሬ እስከ አባቴ ሞት ድረስ፣ አንድም ሳላስቀር።

የጅጋዋ ሴት ጆንያውን ወደ ራሷ ሳበችና ቋጠሮውን አየችው።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አለች። «ያን ጊዜም ብያለሁ።»

«የእኔ ነው» አልሁ።

«የጫማ ነው እኮ የሚመስል።»

«የጫማ ነው።»

«እንግዲያ ፍችው። የሰው ቋጠሮ አልፈታም።»

ጠብቋል። አሥራ ሰባት ዓመት የበርበሬና የጭስ አየር ጠጥቶ እንጨት ሆኗል። በጥፍሬ ሞከርሁ፣ ጥፍሬ ተሰበረ። በጥርሴ ያዝሁት። ሁለት ሴቶች እኔ እንደ ፍየል ክር ሳኝክ ያያሉ፤ ይቅርታ፣ አንዷ ታያለች፣ አንዷ ግድግዳ ታያለች። በመጨረሻ ለቀቀ።

ልቃቂት ነበር። የተፈተለ የጥጥ ክር፣ ልቃቂት በልቃቂት ላይ። ነጭነቱ ወደ ቅቤ መልክ ሄዷል፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ሴትዮዋ አንዱን አንሥታ ጉንጯ ላይ አስጠጋችው። ሳቂታዋ ሴት ያኔ አልሳቀችም።

«ለእናቴ ጋቢ ነበር» አለች። «ሁለት ክረምት ነው የፈተልሁት፤ ዓይኔ እያለቀሰ። እሷ ግን በሰው ጋቢ ተጠቅልላ ሄደች።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። «ይቅር በይኝ» አልሁ፤ አንሶብኝ እንደገና አልሁት። ሴትዮዋ ልቃቂቱን አገላበጠችው።

«ልጅ ነበርሽ» አለች ኋላ። «እግዜር ይቅር ይበልሽ፤ እኔ ብያለሁ።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገችና «እትየ፣ ምነው ግድግዳውን አሳዘኑት? ይዩት እንጅ፤ ክሩ እንደሆን አንድ አልበሰበሰ። ጥሩ አድርገው ነው የጠበቁት» አለች።

«ልየው?» አለች እናቴ፤ ፈቃድ ስትጠይቅ እንደ ልጅ ሆነች።

«ተፈትቶ የለ!»

እናቴ ዞረች። አየችው። እጇን ግን አልሰደደችም፤ ሴትዮዋ ራሷ አንዱን ልቃቂት መዳፏ ላይ አኖረችላት። ያን ጊዜ እርጎዋን አነሣችና ቀመሰች።

ጨዋታ መጣ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ዘር፣ ስለ ወንድሜ በሮች ተወራ። የጅጋዋ ሴት ሰው ዕቃውን በቁጥር እንደሚያስቀምጥ ስትሰማ ያ የድሮ ሳቋ መጣ። ልንነሣ ስንል ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ ወደ ጆንያው መለሰች፤ አፉን ሰበሰበችና በክሩ አሰረችው። ሦስት ትንንሽ ቋጠሮ፣ ጎን ለጎን። ቀርቤ ዓይኔን ሳልነቅል ብመለከትም ጣቶቿ እንዴት እንደሄዱ አሁንም አልገባኝም።

«ልጀ ለጥር ትዳራለች» አለች። «ክሩ ለእሷ ይሁን። እዚህ ቤት ውስጥ ግን አይጥ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ሸማኔውም ያለው እናንተ ዘንድ ነው። መስከረም ላይ መጥቸ እስክወስደው ይቀመጥልኝ።»

እናቴ ደነገጠች። «እኔ መንገደኛ ነኝ፤ እጄን አራግፌ ነው የምሄድ። አሁን አደራ አልቀበልም።»

«ለእርስዎ ማን ሰጠ?» አለችና ጆንያውን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «አንች ውስጡን አይተሽዋል፤ እንግዲህ ምን ብለሽ ትፈችዋለሽ? ካንች የተሻለ ጠባቂ ከየት አመጣለሁ? አደራ» አለች።

ወደ እናቴ ዞርሁ፤ እሷ ደግሞ ወደ ሴትዮዋ እንጅ ወደ እኔ አታይም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ትጠብቃለች።

«ተቀብያለሁ» አልሁ።

«ሰምቻለሁ» አለች እናቴ።

ስንመለስ ፀሐይዋ ወደ ቡሬ በኩል አዘንብላለች። አሁን ከፊት እኔ ነኝ፤ እናቴ ከኋላየ በዝግታ ትመጣለች፤ የጉልበቷ ነገር ተመልሶ መጥቷል። ቁልቁለቱ ላይ ጓል አዳለጠኝና ተንገዳገድሁ፤ ጆንያው ከትከሻየ ሊንሸራተት ሲል በሁለት እጄ አቅፌ አስቀረሁት። ከኋላየ ድምፅዋን ሰማሁ።

«ቀስ በይ ልጀ፤ የሰው ዕቃ ነው የያዝሽ።»